የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ለጤና ማዕከሌ ልቅጠር ወይ?

ጥያቄ፦ «ካናዳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ባለፈው ዓመት ወደ ባሕር ዳር ተመልሻለሁ። ጣና ዳር አካባቢ አነስ ያለ የጤናና የአካል ብቃት ማዕከል ከፍቻለሁ። ጂም አለን፣ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት የምትሠራበት ክፍል አለን፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ስኳርና ግፊት ላለባቸው ሰዎች የእንቅስቃሴ ፕሮግራም አለን። እዚያ እሠራበት የነበረው ክሊኒክ የኪንሲዮሎጂ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ) ተማሪዎችን በኮ-ኦፕ፣ ማለትም ትምህርትና ሥራን በሚያፈራርቅ ፕሮግራም፣ እየተቀበለ አራት አራት ወር ያሠራ ነበር። እዚህም የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችን እንደዚያ ብቀጥር ብዬ አሰብኩ። ምን ላሠራቸው? ልክፈላቸው ወይስ የልምድ ደብዳቤ ይበቃል? አንድ ነገር ቢፈጠርስ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ እንኳን ለሀገርሽ አበቃሽ። በዕድሜ ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርም፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍ ቅር አይበልሽ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተማሪ ከጎኔ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። መልሴ አዎ፣ ቅጠሪ ነው። ግን አንድ ነገር ካሟላሽ ብቻ። ተማሪው ደንበኛ አጠገብ በቆመበት ሰዓት ሁሉ፣ ተማሪውን በዓይኑ የሚያይ ባለሙያ እዚያው ክፍል ውስጥ መኖር አለበት። ቢሮ ተቀምጦ ስልክ የሚያነሳ አይደለም የምልሽ። የሚያይ። እሱ ከሌለሽ ብትከፍዪም፣ ውል ብትዋዋዪም፣ ደብዳቤ ብትጽፊም ይቅርብሽ።

ካናዳ ያየሽውን ነገር መጀመሪያ ፈታ አድርገን እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቅርጹን ብቻ ያመጣና ውስጡን እዚያው ይተወዋል። ኮ-ኦፕ የተጀመረው በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኸርማን ሽናይደር የሚባል የምህንድስና መምህር ነው ተማሪዎቹን አንዴ ክፍል አንዴ ፋብሪካ እያፈራረቀ ያስተማረው። ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ይዞ ተነሳ። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወር ነው። ተማሪው ሲቪ አስገብቶ፣ ተወዳድሮ፣ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት ይገባል። ደመወዝ አለው። ሲጨርስ አሠሪው ይመዝነዋል። በመካከል ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሰው እየጠየቀ ይከታተላል። ኦንታሪዮ ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪንሲዮሎጂስት ራሱን የቻለ፣ በሕግ የሚመዘገብ የጤና ሙያተኛ ሆኗል። ስለዚህ እዚያ ያለው ተማሪ ነገ ፈቃድ የሚያወጣበትን ሥራ ነው ዛሬ የሚለማመደው።

እኛ ጋ ኪንሲዮሎጂ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ከሚወስዳቸው ኮርሶች አንዱ ነው እንጂ ራሱን የቻለ የሙያ ስም አይደለም። ልጆቹ ደግሞ ቅርብሽ ናቸው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው። ስለ ሰውነት አሠራር፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ልብና ሳንባ በእንቅስቃሴ ጊዜ ምን እንደሚሆኑ፣ አንድን ሰው ከትንሽ ጀምሮ እንዴት እንደሚያጠነክሩት ይማራሉ። በዚህ ጎበዞች ናቸው። በሽታ መመርመርና መድኃኒት ግን ትምህርታቸው አይደለም። ፊዚዮቴራፒ ሌላ ነገር ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው፣ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅበት የጤና ሙያ ነው። ይህን ልዩነት አንቺ ታውቂዋለሽ። ደንበኛሽ ግን አያውቀውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ትንሽ ነገር ይመስላል፦ ነጭ ጋውን አታልብሺያቸው። ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ «ዶክተር» ይባላል። «ዶክተር፣ ይህን ኪኒን ልተወው ወይ?» ይባላል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ አላውቅም ማለት ይከብደዋል፣ በተለይ ጠያቂዋ እናቱን የምታክል ሴት ከሆነች። ቲሸርት አሠሪላቸው፣ ደረቱ ላይ በትልቁ «ተማሪ» ተብሎ ይጻፍበት። እኔ ዘንድ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ትንሽ ቅር ይላቸዋል፣ ቆይቶ ግን ራሳቸው ይወዱታል። የማያውቁትን ጥያቄ ወደ ባለሙያ መምራት የሚያሳፍር መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ወጌሻነት ነው። ኳስ ያየ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ወጌሻ ብሎ ነው የሚጠራው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወጌሻ ማለት የወለቀ የሚመልስ፣ የተሰበረ የሚጠግን ሰው ነው። ስለዚህ አንድ የስፖርት ተማሪ ማዕከልሽ ውስጥ ሲታይ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን ትከሻዬን እሽት አድርጊልኝ»፣ «ወገቤን አንዴ ቋ አድርግልኝ»። አይሆንም። ማሸትም፣ መጎተትም፣ ቋ ማድረግም የተማሪ ሥራ አይደለም። ይህን ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ለደንበኞችም ንገሪ፣ እንዲያውም መቀበያው ላይ ለጥፊው። ልጁ እምቢ ሲል ደንበኛው እንደ ንቀት እንዳይቆጥረው ነው።

ታዲያ ምን ይሥሩ? እዚህ ላይ ነው ብዙ አሠሪ የሚሳሳተው። ተማሪ ሲመጣ ፎጣ ማጠፍ፣ ማት መወልወል፣ መዝገብ መጻፍ ይሰጠዋል። ወይም በተቃራኒው በሁለተኛው ቀን አሥር ሰው ይዞ ብቻውን ያሠራል። ሁለቱም ልጁን ያባክነዋል።

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ የሚያበራው መለካት፣ ማሳየትና መከታተል ላይ ነው። ያንቺ ፊዚዮቴራፒስት በቀን ስንት ሰው ታያለች? ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ቤቱ ሄዶ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ የሚሠራው ማነው? የቀረውስ ለምን ቀረ? ይህን የሚያውቅ የለም፣ ጊዜ ስለሌላት። ተማሪ ይህን ክፍተት ይሞላል።

መለካትን እንውሰድ። የደም ግፊት መለካት ቀላል ይመስላል። አንድ ጠዋት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አጠገቤ ቆማ ስትለካ አየኋት። ሴትየዋ ከባጃጅ ወርዳ ደረጃውን ወጥታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ወዲያው በሹራቡ እጅጌ ላይ መለኪያውን ጠቀለለችው። ሴትየዋ ስለ ልጇ ሠርግ እያወራች ነው፣ እግሯን አጣምራለች፣ እጇ ጭኗ ላይ ወድቋል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። ምንም አላልኩም፣ «እንደገና እንለካ» ብቻ አልኩ። አምስት ደቂቃ አሳረፍናት። ጀርባዋን አስደገፍናት፣ እግሯን ፈትታ መሬት አስረገጥናት፣ እጅጌውን አወጣን፣ ክንዷን በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳረፍን፣ ወሬውንም አቆምን። ሁለተኛው ቁጥር ሴትየዋ ራሷ እስክትገረም ድረስ ወረደ። ከዚያን ቀን በኋላ ያቺን ልጅ ማንም ሰው አስቸኩሎ ግፊት ሊያስለካት አልቻለም። አምስት ደቂቃ ካለች አምስት ደቂቃ ነው።

ሌላም ብዙ የሚለካ አለ፣ ውድ ዕቃም አይጠይቅም። ወንበር፣ የእጅ ሰዓት፣ ሦስት ሜትር ወለል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር። አንድ አረጋዊ ከወንበር ተነሥተው ሦስት ሜትር ሄደው ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በ30 ሰከንድ ውስጥ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ስንት ጊዜ ከወንበር ተነሥተው መቀመጥ ይችላሉ? በስድስት ደቂቃ ኮሪደሩን እየተመላለሱ ምን ያህል ሜትር ይሄዳሉ? ተማሪው ዛሬ ይለካል፣ ከወር በኋላ ይለካል፣ ቁጥሩን ለሰውየው ያሳያል። «አባባ፣ ያን ጊዜ ሰባት ነበር፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሆነ» ሲባሉ የሚታየውን ፊት አንድ ቀን ብታዪው ፕሮግራሙን ለምን እንደምትቀጥዪ አትጠይቂም።

መከታተል ስልህ ደግሞ አካባቢያችንን ማወቅ ማለቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ተማሪው ይህን ቃል በቃል ይዞት ይመጣል። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ቄስ መጡ። ልጁ ቅጹን ይዞ «ስፖርት ይሠራሉ?» አላቸው። «የለም» አሉ። ጻፈ፦ እንቅስቃሴ የለም። እኔ ጠጋ ብዬ «አባ፣ በቀን ስንት ይሰግዳሉ? ማኅሌት ስንት ሰዓት ይቆማሉ?» አልኳቸው። የነገሩን ቁጥር ልጁን አፉን አስያዘው። ስግደት ምን እንደሆነ አስቢው፤ ከመቆም ተነሥቶ ጉልበትን እስከ መጨረሻው አጥፎ ግንባርን መሬት አስነክቶ መነሣት፣ ያንን ደጋግሞ። ቁመቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፎ ነው። ሰውየው እንቅስቃሴ አላነሳቸውም፣ እንዲያውም በዝቶባቸዋል። አባን ስግደት ይተዉ ማለት አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። ልጁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጭናቸውን የሚያጠነክር ቀላል ሥራ ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ሆኖ አወጣላቸው፣ ሲነሡ እንዴት ክብደታቸውን ወደ ሁለቱ እግር እንደሚከፍሉ አሳያቸው። ኪንሲዮሎጂ ማለት እሱ ነው። በታንኳ የሚያድር ሰው ትከሻ፣ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣ ሴት ወገብ፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ተጎንብሶ የሚውል ልጅ አንገት፤ እኒህን ሁሉ በእንቅስቃሴ ዓይን ማየት ልጆቹ ክፍል ውስጥ ከስላይድ አያገኙትም፣ አንቺ ጋ ግን በየቀኑ በር ያንኳኳል።

አሁን ወደ ፈራሽው ነገር ልምጣ። መፍራትሽ ጥሩ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ክሊኒክ የጠዋት ፕሮግራም ስመራ፣ ፍልሰታ ላይ ነው፣ አንድ ተማሪ ብስክሌቱ ጋ አቁሜ ካርድ ላመጣ ወጣሁ። ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ብስክሌቱ ላይ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ ሰው ነበሩ። መድኃኒታቸውን እንደ ወትሮው ወስደዋል፣ ግን ጾም ስለሆነ ምንም አልቀመሱም። ተማሪው ይህን እንዲጠይቅ አልነገርኩትም። ስመለስ ሰውየው ላብ በላብ ሆነዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገሩት አይጨበጥም። ልጁ ደግሞ «ደክሟቸው ነው፣ ትንሽ ከቀጠሉ ይለቃቸዋል» ብሎ እያበረታታቸው ነበር። ለጤነኛ ወጣት የተማረው እንደዚያ ስለሆነ። አወረድናቸው፣ ለስላሳ አጠጣናቸው፣ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተመለሱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። የእኔ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር አጥብቄያለሁ። ማንም ደንበኛ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ይጠይቃል፦ ምን በልተዋል? መድኃኒት ወስደዋል? ዛሬ ደረትዎን የሚያስጨንቅ፣ የሚያዞርዎ ነገር አለ? የጾም ወራት ሲሆን ይህ ጥያቄ በእጥፍ ይጠነክራል። ስኳር ያለበት ሰው በጾም እንቅስቃሴ ልሥራ ሲል ውሳኔው የሐኪሙ ነው፣ የተማሪ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ስኳር ወይም ለስላሳ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሱቅ ወርደው የሚገዙት አይደለም። ሦስተኛ፣ ሲቀመጡ የላይኛው ግፊት 180 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ ያን ቀን እንቅስቃሴ የለም። ይለካል፣ ይደገማል፣ ወደ ሐኪም ይላካል። ተማሪው እዚህ ላይ መከራከርም ማባበልም የለበትም። የደረት ሕመም፣ ድንገት የሚጣመም አፍ፣ ክንድ አልነሣ ማለት ከታየ ወዲያው ለባለሙያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልጆቹ ከመጀመራቸው በፊት የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ቢወስዱ ደግሞ የበለጠ ነው፣ ቀይ መስቀል ይሰጣል፣ ወጪውን አንቺ ሸፍኚው።

አመራረጥ ላይ ውጤታቸውን ብዙ አትዪ። ወንበር አምጪ። የማዕከልሽን ጥበቃ ወይም ጽዳት ሠራተኛ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉትን፣ አስፈቅደሽ አስቀምጪ። ለልጁ «እኒህን ሰው አምስት ጊዜ ከወንበር እንዲነሡ አስተምራቸው» በዪው። ከዚያ ዝም ብለሽ ተመልከቺ። አንዳንዱ ወዲያው «ስኳት እንሠራለን፣ ኮር ይያዝ» ይላል፣ ሰውየው ግራ ይገባቸዋል። አንዳንዱ ራሱ አሥር ጊዜ ሠርቶ ያሳያል። አንዷ ደግሞ መጥታ በርከክ ብላ «አባባ፣ ጉልበትዎን ወይም ወገብዎን የሚያምዎ አለ? ወንበሩን ያዝ አድርገው ይሞክሩት፣ ካመመዎ ይንገሩኝ» ትላለች፣ ወንበሩ እንዳይንሸራተትም ግድግዳ ታስጠጋለች። እሷን ቅጠሪ። ውጤቷ ዝቅ ያለ ቢሆንም ቅጠሪያት። አንቱታ፣ ቃል መምረጥ፣ ከመንካት በፊት ማስፈቀድ በአራት ወር የሚያስተምሩት ነገር አይደለም፣ የስድስት ደቂቃ የእግር መንገድ ፈተና ግን በግማሽ ቀን ይማራል።

ሲሆን ሲሆን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ውሰጂ። ከሁለት አይብለጡ፣ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ነው ያለሽ። ሴት ደንበኞችሽ ብዙዎቹ ሴት ልጅ ብታሳያቸው ይመርጣሉ፣ ይህን ማክበር ነው። ሴት ተማሪዋን ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነይ ወይም ምሽት ላይ ቆዪ ከማለትሽ በፊት መንገዱን አስቢ። በምን ትመጣለች? ከማን ጋር ትመለሳለች? ማዕከሉ ውስጥስ አንድ ሰው የማይገባ ነገር ቢናገራት ወይም ቢነካት ለማን ትናገራለች? ለዚህ የሚሆን አንድ ሰው በስም ንገሪያት፣ በመጀመሪያው ቀን።

ክፍያ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው አይወድልኝም፣ እኔ ግን ክፈዪ ነው የምለው። እኛ ጋ አፓረንት (የተማሪ የሥራ ልምምድ) ማለት ነጻ ጉልበት ማለት ሆኖ ቀርቷል። ልጁ የባጃጅ ከራሱ ያወጣል፣ ምሳውን ከራሱ ይበላል፣ በመጨረሻ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ሙሉ ደመወዝ ካልቻልሽ ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪውን በየሳምንቱ ሸፍኚ፣ በወሩ መጨረሻ አይሁን፣ ተማሪ ወር ሙሉ አያበድርሽም። አቅም ካለሽ በላዩ ላይ የኪስ ገንዘብ ጨምሪ። ሌላው ነገር ቢቀር፣ ልጁ ዘግይቶ ሲመጣ ለመቆጣት መብት ይኖርሻል። ካልከፈልሽው ምን ብለሽ ትቆጪዋለሽ?

ወረቀቱንም አትናቂው። በመጀመሪያ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂጂ፣ ከተማሪው ጋር ብቻ አትስማሚ። የትኛው ዓመት ተማሪ፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ሳምንት መውጣት እንደሚችል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትምህርት ካላንደር እኛ ሀገር ሲቀያየር አይተሻል፣ ስለዚህ የካናዳውን አራት ወር ሙጭጭ አትበዪ። ሁለት ወር ከሆነ ሁለት ወር ይሁን። ወይም ትምህርት ላይ እያሉ ቅዳሜና ሌላ አንድ ቀን ብቻ ሙሉ ሴሚስተሩን ይምጡ፣ እንዲያውም ለክትትል ይኼ ይሻላል። በጽሑፍ የሚቀመጠው ነገር፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ምን ይከፈላል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ተማሪው ምን አይነካም፣ ልጁ ራሱ ቢጎዳ ማን ያሳክማል። አንቺ፣ ዩኒቨርሲቲውና ተማሪው ሦስታችሁም ፈርሙ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሙያ ለማጆች የሚሆን ድንጋጌ ስላለው ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ጠበቃ እንዲያየው አድርጊ፣ ከባድ ወጪ አይደለም።

ስልክም አለ። ልጆቹ ሁሉን ነገር ቲክቶክ ላይ ማውጣት ይወዳሉ። በተንኮል አይደለም፣ ኮርተው ነው። ግን የስትሮክ ሕመምተኛ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ የሰውየው የግል ጉዳይ ነው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፣ የጤና መረጃ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠበቅ ነው። ሥራ ሰዓት ላይ ስልክ መሳቢያ ውስጥ። ከዚህ አትነቃነቂ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብዙ አትጠብቂ። ይዩ፣ ይጻፉ፣ ይጠይቁ። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ እያየች ይሥሩ። ሁልጊዜ አርብ ላይ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ፣ ቡና አስፈዪ፣ «በዚህ ሳምንት የገረመህ ሰው ማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ተማሪው የዕለት ሥራውን ከሚጽፍበት ሎግ ቡክ ይልቅ ከዚህ ግማሽ ሰዓት ብዙ ታውቂያለሽ። ግምገማውን ስትሞዪም እውነቱን ሙዪ። ከላይ እስከ ታች «እጅግ በጣም ጥሩ» እያሉ መፈረም ለልጁ ደግነት አይደለም። የግፊት አለካኩ ጥሩ ነው፣ አረጋውያንን ሲያናግር ይፈጥናል፣ ብለሽ ጻፊ። መምህሩም ይጠቀምበታል፣ ልጁም ቆይቶ ያመሰግንሻል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፣ ይህን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ከስትሮክ በኋላ የሚመጡ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ነበሩ፣ ግራ እግራቸው ይጎተታል። አንዲት ተማሪ ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ይዛቸው ትሄድ ነበር። ጫማቸው ግራው ጫፉ ላይ ብቻ ማለቁን አይታ የነገረችኝ እሷ ናት፣ እኔ አላየሁትም ነበር። ጊዜዋ አልቆ ሄደች። በማግሥቱ ሳምንት መጡና «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አሉ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ፣ ከዚያ እኛ ሌላ ሰው አያሠራዎትም ብለናቸው ሳይሆን ራሳቸው ተዉት፣ ቀሩ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው የመለስኳቸው። አሁን ተማሪ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ደንበኛ አንሰጠውም። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱን ሰው እጃቸውን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው ያደርሳል፦ «አባባ፣ ከሰኞ ጀምሮ እሷ ናት የምታሠራዎ፣ የግራ እግርዎን ነገር ነግሬያታለሁ» ይላል። ሦስቱም አብረው አንድ ጊዜ ኮሪደሩን ይሄዳሉ። ይህንንም ውሉ ላይ ጻፊው።